ፈረቃ የሌላት ተንከባካቢ



አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንን ስለ ሥራቸው ስትጠይቁ «ግሩፕ ሆም ነው የምሠራው» የሚሏችሁ ጥቂት አይደሉም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩበት፣ ተንከባካቢዎች በፈረቃ እየገቡ የሚያግዟቸው ቤት ነው። ማጠብና ማብላት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው። መናገር ለማይችለው ሁለት ሸሚዝ አሳይቶ በዓይኑ እንዲመርጥ ማድረግ፣ መዋጥ የሚያስቸግረውን ቀና አድርጎ በትንሽ በትንሹ መመገብ፣ የተሰጠውን መድኃኒት መመዝገብ፣ ከሁሉም በላይ ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን አለመንጠቅ። ፈረቃው ሲያልቅ ሌላ ሰው ይተካል፤ ተንከባካቢዋም ቤቷ ሄዳ ትተኛለች።

በእኛ አጥቢያስ? ይህንኑ ሥራ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ደመወዝና ያለ ተተኪ የምትሠራ እናት አለች። እሑድ አናያትም፤ ልጇ በስብከት መካከል ሲጮህ ሁላችንም ዞር ብለን ስላየናት ቀርታለች። አንዳንዴም በየሳምንቱ ወደ ፊት እያወጣን እጅ እንጭንበታለን። ስለ ፈውስ መጸለይን የምቃወም እንዳይመስላችሁ፤ እኔም እጸልያለሁ። ሳይፈወስ ሲቀር ግን የማን ኃጢአት ነው ብለን የምንመረምር ከሆነ፣ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የመለሰውን ዘንግተናል (ዮሐ. 9፡3)። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። በየቤቱ የተደበቁ ልጆች እንዲወጡ በአደባባይ የተናገሩ እናት ነበሩ። ይህን ድምፅ ከመድረካችን ስንቴ ሰምተናል?

የሜምፊቦስቴን ታሪክ ስንሰብክ የዳዊትን ማዕድ እናነሳለን። ሞግዚቱን ግን እናልፋታለን። ክፉ ወሬ በመጣ ቀን ልጁን ተሸክማ በጥድፊያ ስትሸሽ ወደቀ (2ሳሙ. 4፡4)። የእርሱ ጉዳት የእግር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእርስዋ ጋር ሸክሙን የሚይዝ ሌላ ሰው አለመጠቀሱ ነው።

ባሎች ሆይ፣ ልጁን የምታጥበው እናት ብቻ ናት የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ቆይታዬም አላገኘሁም። ልጁ አድጎ ሲከብድ ወገቧ የሚቆረጠው እርስዋ ናት። ሌሊት አንድ ቀን አንተ ተነሣ፣ አንድ ቀን እርስዋ።

የቤት ኅብረቶችም ባልና ሚስት መድባችሁ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ላኩ። ለልጁም ለእናቲቱም ደኅንነት ሲባል አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናቱ ባለችበት ተማሩ፦ ምን ያስፈራዋል? መጸዳጃ ሲፈልግ እንዴት ያሳያል? የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት፤ ማንኪያም አፉ ውስጥ አትክተቱ። በጉልበት ሳትይዙት ራሱን ከሚጎዳው ነገር ጠብቁት፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከዚያ እናቲቱ ትውጣ። ትጸልይ፣ ጸጉሯን ትሠራ፣ ወይም ጎረቤት ሄዳ ትተኛ፤ የራስዋ ጉዳይ ነው። አደራ፣ ጊዜ አገኘች ብላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ እንዳታደርጓት።