እጅሽን ታጠቢ ከማለት በፊት

ስለ ገጠር ንጽህና በተነሳ ቁጥር የሚመዘዘው መፍትሔ ሁለት ነው፤ ጭውውትና ዘፈን፣ ቀጥሎም ለሽንት ቤት መሥሪያ አነስተኛ ብድር። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ ገበሬው አያውቅምና ይማር፣ ካወቀ በኋላ ደግሞ ይበደር። ይህ አስተሳሰብ የደባርቅንና የዳባትን ገበሬ፣ ከሁሉ በላይ እናቶቹን፣ ይበድላል።

የጭውውቱን ታሪክ የማያውቅ የለም። እጇን ሳትታጠብ ምሳ የምታቀርብ ሰነፍ ሴት፣ ሆዱን የታመመ ልጅ፣ በመጨረሻ መጥታ የምትመክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ተመልካቹ ይስቃል። ያቺ “ሰነፍ” ግን ውሃውን ከየት ታምጣው? ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012 ዓ.ም.) ለገጠር ያስቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ለ6 ሰው ቤተሰብ 150 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሰባት ሸክም በላይ ማለት ነው። ከገደል ሥር ካለ ምንጭ ዳገቱን ተሸክማ የምትወጣ እናት በቀን ሁለት ጀሪካን ካገባች፣ ያንኑ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለሊጥ ታብቃቃዋለች። ክዳኑ ተበስቶ ለእጅ መታጠቢያ ከሽንት ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለው ሃይላንድ ውሃ የሚያየው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ብቻ ቢሆን ምን ይፈረድባታል? ችግሩ ያለማወቅ ቢሆን ኖሮ ሃይላንዱን ማን ሰቀለው?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ምንም ሽንት ቤት ያልነበረው የገጠር ቤተሰብ 39 ከመቶ፣ የተሻሻለ ሽንት ቤት የነበረው ደግሞ 4 ከመቶ ነበር። ስለዚህ ከግማሽ በላዩ ሰምቷል፣ ቆፍሯልም። የቆፈረው ግን ወለሉን በባህር ዛፍና በጭቃ ይረበርባል፤ እንጨቱ በዝናብ ይበሰብሳል፣ ልጆች መርገጥ ይፈራሉ። የጎደለው የሲሚንቶ ወለልና ማጓጓዣው እንጂ ምክር አይደለም።

ታዲያ ይበደር ይላሉ። ሽንት ቤት በግ አይደለም፤ አርብተው ሸጠው ዕዳ አይከፍሉበትም። በቡድን ዋስትና ሲሆን ደግሞ አንዱ ያቃተውን ጎረቤቱ ይከፍላል፤ ለጤና የተባለው ጉርብትና ያፈርሳል። የተሻለ መንገድ እዚሁ አማራ ክልል በውሃ ሥራ ተሞክሯል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ በተሠራበት አሠራር፣ የውሃ ተቋም መሥሪያው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በኩል ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይሰጥ ነበር፤ በብድር ሳይሆን በድጎማ። ዕቃ የሚገዛውም፣ ሥራውን የሚመራውም፣ ለጥገና የሚቆጥበውም ሕዝቡ ራሱ ነበር። የብድር ተቋም ገጠር ድረስ የዘረጋው መስኮት ድሃን ባለዕዳ ሳያደርግ ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ኪነ ጥበቡም ይቅር አልልም፤ አቅጣጫው ነው የተጣመመው። የጎንደር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ መኳንንቱን ፊት ለፊት ሲያወድስም ሲነቅፍም የኖረ ሰው ነው። እሱን ቢሮ የጻፈለትን “ሽንት ቤት ቆፍሩ” እንዲያዜም መቅጠር ጥበቡን መግደል ነው። የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ከመድረኩ ፊት ይቁም፤ የየትኛው ቀበሌ ፓምፕ በአንዲት ጎማ ምክንያት ስንት ወር እንደቆመ፣ ለጥገና የተዋጣው ብር የት እንደደረሰ ይዝፈን። ማፈር ያለበት ሰው ካለ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይፈር።