ቀላል ሽጉጥ ቀላል አይደለም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

አሜሪካ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። ሪቮልቨር ሊገዛ ሲገባ ሻጩ «ይሄ አልሙኒየም ነው፣ ላባ በለው! ብረት ጊዜው አልፎበታል» ብሎ አሳመነው። ልጁም ገዛ። መለማመጃ ቦታ ሄዶ አምስቷን ጥይት ሲጨርስ መዳፉ ነደደ፤ ሁለተኛ አልጎረሰም። ከዚያ ወዲህ ይታጠቀዋል እንጂ አይተኩስበትም። «ቲቸር፣ ሽጉጡ ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ። ሽጉጡ ደህና ነው። የተበላሸው ምክሩ ነው።

እስኪ ክፍል ውስጥ የተማርነውን ሞመንተም እናስታውስ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚሠራቸውን ሁለት ትናንሽ ሪቮልቨሮች እንውሰድ። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ሞዴል 60 ወደ 600 ግራም ይመዝናል፤ ፍሬሙ የአልሙኒየም ቅይጥ የሆነው ሞዴል 642 ደግሞ ወደ 400። ለስሌት እንዲመች 10 ግራም እርሳስ በሰከንድ 200 ሜትር ይውጣ እንበል። የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር፣ ብረቱ በሰከንድ 3.3 ሜትር ወደ ኋላ ይመጣል፣ ቀላሉ ግን 5 ሜትር። እጅ ላይ የሚያርፈው ኃይል አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጥይቱ ያው፣ ጡጫው ሌላ!

«ቅይጡ ዘመናዊ ነው፣ ይችላል» የምትሉ አላችሁ። ይችላል፣ አልካድኩም። ግን አልሙኒየም ትንሽ ጫናም ቢሆን ሲደጋገምበት ድካሙ ይጠራቀምበታል፤ ብረት በዚህ በኩል የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ አየር ኃይል ለአብራሪዎቹ ጥይት የሚጎርስበት ተሽከርካሪው ክፍል ሳይቀር አልሙኒየም የሆነ ሪቮልቨር አሠርቶ ነበር። ያ ክፍል ጫናውን አልቻለም፤ አብዛኞቹ ተሰብስበው እንዲወድሙ ተደረገ። ዛሬ በሞዴል 642 ላይ ቅይጡ ፍሬሙ ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪውና አፈሙዙ ብረት ናቸው። ጊዜው አልፎበታል የተባለው ብረት ማለት ነው!

ሚዛናዊ ልሁን። ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ለሚይዝ ሰው ቀላሉ ይሻላል። የማይዝግ የሚባለውም ካልተወለወለ ይዝጋል። ነገር ግን ቀበቶው ላይ ለሚታጠቅ ጥበቃ 200 ግራም ምንድን ነው? የአንድ ስልክ ክብደት! ለዚያች ብሎ ልምምድ የተወ ሰው፣ የክፉ ቀን ሲመጣ ጥይቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም። መንገድ ላይ እናት አለች፣ ልጅ አለ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ሻጩ የመሸከሙን ነገር ነገረው፣ የመተኮሱን ደበቀው።

«አንተ ሽጉጥ ይዘህ ታውቃለህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አላውቅም። ኒውተን ግን የመሣሪያ ፈቃድ አይጠይቅም።

ተቃውሞ ያለው ስሌቱን ይዞ ኮመንት ላይ ይምጣ። ስድብ ማርክ የለውም።