ማን ባዶ አደረጋት?

አንዳንድ ቃላት ሲሰሟቸው የዋህ ይመስላሉ። «ሰው አልባ» ከእነዚህ አንዱ ነው። የመልክዓ ምድር መጻሕፍት ስለ አንዲት ሩቅ ደሴት ሲጽፉ ርዝመቷን፣ ስፋቷንና ከፍታዋን ይነግሩንና «ቋሚ ነዋሪ የላትም» ብለው አራት ነጥብ ያሳርፋሉ። እኔ የምለው፣ አራት ነጥቡ ከማረፉ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ምን ነበረበት? ሰው ኖሮባት አያውቅም? ወይስ የኖሩባትን ሰው ብሎ የሚቆጥር ጠፋ?

የምናገረው ትሮምላን ስለምትባል ደሴት ነው። በህንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለብቻዋ የተቀመጠች ናት። ርዝመቷ 1,700 ሜትር፣ ስፋቷ 700 ሜትር ገደማ ነው። ከፍተኛ የሚባለው ቦታዋ ከባሕር ጠለል 7 ሜትር ቢሆን ነው። አሸዋ፣ የኮራል ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ የባሕር ኤሊና የባሕር ወፍ፤ አለቀ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ መጠለያ የሚሆን ጉብታ እንኳ የላትም። በ1722 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአጠገቧ ያለፈ የፈረንሳይ መርከብ አያትና «የአሸዋ ደሴት» ተባለች።

በ1761 «ዩቲል» የሚባል የፈረንሳይ ንግድ ኩባንያ መርከብ ከማዳጋስካር 160 ያህል ሰዎችን በባርነት ጭኖ ወደ ዛሬዋ ሞሪሺየስ ተነሣ። «ዩቲል» ማለት «ጠቃሚ» ማለት ነው። ለማን እንደሚጠቅም አልተነገረም። የደሴቲቱ ገዥ ዴፎርዥ ቡሼ በዚያን ጊዜ ባሪያ እንዳይገባ ከልክለው ነበር። አዝነው እንዳይመስላችሁ! ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስለነበር፣ ከበባ ቢመጣ የሚቀለብ አፍ እንዳይበዛ ብለው ነው። የመርከቡ አዛዥ ግን ትርፍ ታየውና በድብቅ ጫነ። ሐምሌ 31 ሌሊት መርከቡ ከአሸዋዋ ደሴት ድንጋይ ጋር ተላተመ። በመርከቡ ሆድ የታጎሩት ሰዎች መውጫው በላያቸው ተቸንክሮ ስለነበር ብዙዎቹ እዚያው ሰጥመው ቀሩ።

የተረፉት፣ ነጩም ጥቁሩም፣ አንድ ጠባብ አሸዋ ላይ ወደቁ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ተገኘ። አዛዡ ራሱን መግዛት ሲያቅተው ምክትሉ ካስቴላን ከስብርባሪው እንጨት ጀልባ አሠራ። ስሟም «ፕሮቪዳንስ» ተባለ፤ የእግዚአብሔር መግቦት እንደ ማለት ነው። መስከረም 27 ቀን 122 ፈረንሳውያን ተሳፈሩ። 60 የማዳጋስካር ሰዎች ጥቂት ስንቅና አንድ ቃል ተሰጣቸው፦ «ተመልሰን እንወስዳችኋለን»።

በእኛ ዘንድ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። ዕዳ የሚሆነው ግን ቃሉን የተቀበለው ወገን ሰው ተብሎ ሲቆጠር ነው መሰለኝ። ካስቴላን መርከብ ይላክ ብሎ ለመነ። ገዥው እምቢ አሉ። ወሬው ፓሪስ ደረሰና ለጊዜው የሊቃውንቱ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ ጦርነቱ አበቃ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ወሬውም ቀዘቀዘ። በ1773 አንድ አላፊ መርከብ በደሴቲቱ ላይ ሰዎች አየ። ከዚያ በኋላ የተላኩት መርከቦች ማዕበሉን አልፈው ሊያወጧቸው አልቻሉም። ኅዳር 29 ቀን 1776 ትሮምላን የሚባል መኮንን «ዶፊን» በተባለች መርከብ ደርሶ የተረፉትን አነሣ። ሰባት ሴቶችና አንድ የስምንት ወር ሕፃን ነበሩ። ከ15 ዓመት በኋላ!

እንዴት ኖሩ? ከ2006 እስከ 2013 ማክስ ጌሩ የሚመሩት የጥናት ቡድን አራት ጊዜ ሄዶ ቆፍሯል። በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ተገኙ። በአገራቸው ልማድ የድንጋይ ቤት ለሙታን ነበር፤ እዚህ ግን ነፋሱን ለመቋቋም ሕያዋኑ ገቡበት። እየተቀደደ ደግሞ ደጋግሞ የተጠገነ የመዳብ ዕቃ ተገኘ። ሲወጡም የለበሱት ከወፍ ላባ የተጎነጎነ ልብስ እንደነበር ተመዝግቧል። እነዚህ ሰዎች ሞታቸውን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። መንደር መሠረቱ። መንደር የነበረባትን ምድር ነው እንግዲህ ታሪክ እንደሌላት አድርገን «ሰው አልባ» የምንላት።

«በዘመኑ አስተሳሰብ መዳኘት አለበት» የሚሉ አይጠፉም። ይሁን፣ በዘመኑ እንዳኝ። ካስቴላን የየትኛው ዘመን ሰው ነበር? በ1781 ባርነትን አውግዞ ሲጽፍ ይህንኑ በደል ያነሣው ፈረንሳዊው ኮንዶርሴስ? አሸዋው ላይ ቆመው አድማስ አድማሱን ያዩ የነበሩት ሴቶችስ የዘመኑ ሰዎች አልነበሩም? ኧረ ለመሆኑ የዘመን አስተሳሰብ የሚባለው ለምን ሁልጊዜ የገዥው አስተሳሰብ ብቻ ይሆናል? ዘመኑ ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ዝም ያለው።

ስሙንም እዩት። ደሴቲቱ የተሰየመችው 15 ዓመት በኖሩባት ሰዎች አይደለም፤ መጥቶ ባነሣቸው መኮንን ነው። ለሰውዬው ምስጋናውን አልነፍገውም። ግን አዳኙ ስም ሲያገኝ የዳኑት የመርከብና የመጽሐፍ ስም ተለጠፈባቸው፤ አያቲቱ በመርከቧ ስም ዶፊን፣ እናቲቱ ሔዋን፣ ሕፃኑም ከውኃ ወጥቷልና ሙሴ ተባለ።

ዛሬ ፈረንሳይ በደሴቲቱ ላይ በፈረቃ የሚመጡ ጥቂት ሠራተኞች አሏት። ከ1954 ጀምሮ የአየር ጠባይ ጣቢያ አቁማለች። ሞሪሺየስ ደግሞ የእኔ ናት ትላለች። በ2010 በጋራ ለማስተዳደር ተፈራርመው ነበር፤ የፈረንሳይ ፓርላማ ግን አላጸደቀውም። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ለምትሆን አሸዋ ይህ ሁሉ ለምን? ዙሪያዋን 280,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ባሕር ታስገኛለቻ! ዓሣ አለበት። ለዓሣው ሲባል ካርታ ይዘረጋል፣ ጠበቃ ይቆማል። ለ60ዎቹ ሰዎች አንድ መርከብ ለመላክ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

ይህ የአንዲት ደሴት ብቻ ገጠመኝ አይደለም። በዚያው ውቅያኖስ ብሪታንያ ለአሜሪካ የጦር ሰፈር ቦታ ለማመቻቸት የቻጎስ ደሴቶችን ሕዝብ እስከ 1973 ድረስ ከቤቱ አስወጥታለች። ያኔም ዘዴው ሰዎቹን «ቋሚ ነዋሪ አይደሉም፤ ጊዜያዊ ሠራተኞች ናቸው» ብሎ መጻፍ ነበር። ቀድሞ በወረቀት ባዶ ይደረጋል፤ መሬቱ በኋላ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ «ሰው አልባ» የሚለውን ቃል ስታነቡ ቶሎ አትለፉት። ማን ነበረ? ማን አመጣው? ማንስ ጥሎት ሄደ? ብላችሁ ጠይቁ። ትሮምላንን ስታገኙም በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጻፉበት፦ ከ1761 እስከ 1776 ሰዎች ኖረውባታል። ሳይመርጡ መጡ፤ ተስፋ ተሰጥቷቸው ተረሱ፤ ቢሆንም ቤት ሠሩ።