የቫንኩቨር የባህር ዳርቻ የብስክሌት መስመርና ያስነሳው የአስተዳደር ጥያቄ

በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው የቫንኩቨር ከተማ ዳርቻዋን በብስክሌት ለሚጎበኙ ሰዎች 28 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ መስመር አላት። መስመሩ ከመሀል ከተማ ተነስቶ የስታንሊ ፓርክን ይዞራል፤ የፎልስ ክሪክን ሰርጥ ተከትሎና ግራንቪል ደሴትን አልፎም እስከ ስፓኒሽ ባንክስ ይደርሳል። በፓርኩ ዙሪያ ብስክሌት የሚነዳው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ያላወቀ ጎብኚ ከፊት ለፊቱ ከሚመጡት ብስክሌተኞች ወዲያው ይረዳዋል።

ጎብኚው የማያስተውለው ግን በአንድ ጉዞ ሦስት አስተዳደሮችን ማቋረጡን ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው በሕዝብ የተመረጠ የመናፈሻ ቦርድ ነው። መንገዶቹና ድልድዮቹ በከተማው ምክር ቤት፣ ግራንቪል ደሴት ደግሞ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ናቸው።

የፓርኩ የባህር ግንብ እ.ኤ.አ በ1917 ተጀምሮ በ1980 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ መነሻ ዓላማውም ዳርቻውን ከመሸርሸር መከላከል እንጂ ብስክሌት ማስተናገድ አልነበረም። የእንጨት መሰንጠቂያዎችና የባቡር ሐዲዶች ሞልተውት የነበረው ፎልስ ክሪክ ከ1986ቱ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ በኋላ ወደ መኖሪያ ሰፈርነት ሲለወጥ፣ ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ተደርጓል።

አስቸጋሪው ሥራ የነበረው ከመኪና ላይ ቦታ መውሰዱ ነው። እ.ኤ.አ በ1932 በተከፈተው የቡራርድ ድልድይ ላይ ብስክሌተኞች ከእግረኞች ጋር በጠባብ የእግረኛ መንገድ ይጋፉ ነበር። ከተማው በ1996 አንዱን የመኪና መስመር ለሙከራ ቢሰጣቸውም፣ ለስድስት ወራት የታቀደው ሙከራ በአሽከርካሪዎች ቅሬታ ምክንያት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቋረጠ። በ2009 ምክር ቤቱ ሙከራውን በድጋሚ ጀመረ። የተፈራው የትራፊክ መጨናነቅ ሳይከሰት በመቅረቱ ሙከራው ጸና፤ በ2017 በተጠናቀቀው እድሳትም የተለየ የብስክሌት መስመር በድልድዩ ግራና ቀኝ ተሠራ። ቅሬታ በበረታበት በመጀመሪያው ሳምንት ሥራውን ማቆም ውጤቱን ለማየት ጊዜ እንደማይሰጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ቅሬታ ሁሉ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይደለም። በ2020 በወረርሽኙ ወቅት ብስክሌተኞች ከግንቡ ወደ ፓርኩ የመኪና መንገድ እንዲዛወሩ ሲደረግ፣ አካል ጉዳተኞችና በፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ነጋዴዎች መዳረሻ እንደጠበባቸው አስታውቀዋል። ከ2022ቱ ምርጫ በኋላ ቦርዱ አብዛኛውን ጊዜያዊ መስመር በ2023 አንስቷል።

በተመሳሳይ ዓመት ታኅሣሥ የከተማው ከንቲባ ኬን ሲም ቦርዱ ፈርሶ ሥልጣኑ ለምክር ቤቱ እንዲተላለፍ ሐሳብ አቅርበዋል። ለዚህም የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ አካል የከተማዋን ቻርተር ማሻሻል ይጠበቅበታል። ደጋፊዎች ሥራው ይቀላጠፋል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ደግሞ ዳርቻውን ብቻ የሚጠብቅ በሕዝብ የተመረጠ አካል እንዳይጠፋ ይሰጋሉ።