ምድር ባቡርና የላሊበላ መንገደኛ

በወልድያና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ባቡር የሚለው ስም ከባቡሩ ቀድሞ የገባ እንግዳ ነው። አረጋውያን እናቶቻችን እህል የሚፈጨውን ወፍጮ ባቡር ይሉታል፤ መኪና የሚሄድበትንም ጥርጊያ የባቡር መንገድ እያሉ ሲጠሩት ኖረዋል። በሐዲድ ላይ የሚሄደው ምድር ባቡር ግን ወደ ወሎ ምድር ሊመጣ መሆኑ በተግባር የታየው በ2007 ዓ.ም. ነው። ይኸውም ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ሥራ ያፒ መርከዚ በተባለው የቱርክ ሥራ ተቋራጭ እጅ በተጀመረ ጊዜ ነው። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚወጣውን ክፍል ደግሞ የቻይና ተቋራጭ ያዘው። ያን ጊዜ በየቤቱና በየማኅበሩ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ «ከእንግዲህ ላሊበላን ለመሳለም በባቡር ይኬዳል ማለት ነውን?» የሚል ነበር። ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋምና በዚህ ወር ገጻችን ልንመለከተው ወደድን።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ነገር ባቡሩ ላሊበላ እንደማይገባ ነው። ወልድያም አይገባም። ሐራ ገበያ ከወልድያ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቆላው ሜዳ የምትገኝ ናት፤ ወልድያ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ በተራራው እግር ተቀምጣለች። ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ከሐራ ወደ ወልድያ መውጣት፣ ከወልድያም በዲልብ አቀበት አድርጎ ጋሸና መድረስ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። እንግዲህ ባቡሩ መንገደኛውን የሚያደርሰው እስከ ደጁ እንኳ ሳይሆን እስከ ደጁ ደጅ ነው ማለት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ሐረርን እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ በፈቀዱ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የሐረር ተራራ ለሐዲድ የማይመች፣ ወጪውም የሚከብድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ሲደርስ ሐረርን ትቶ አለፈ። በዚያ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረች፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፣ በኋላ ድሬዳዋ በሚለው ስም ጸናች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሲራራ ነጋዴው ከሐረር በር ይልቅ ወደ ድሬዳዋ ጣቢያ መውረድን ለመደ፤ ለብዙ ዘመን የንግድ መናኸሪያ የነበረችውም አሮጌይቱ ከተማ የገበያዋን ድርሻ ለታናሽ እኅቷ አስረከበች።

እኛም ይህን መንገድ በአዲሱ ባቡር ሄደን አይተነዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ሐዲድ የተመረቀው በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። የቀድሞው ባቡር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። (ለተማሪዎቻችን ይህን በገመድ አስለክተን ስናሳያቸው ልዩነቱ ከሚያስቡት ያነሰ ሆኖባቸው ይገረማሉ።) መንገደኛ የሚሳፈረው እንደ ድሮው ከመሐል ከተማ ከለገሐር ሳይሆን ከከተማው ጫፍ፣ ከለቡ በኩል ነው። ባቡሩ ከደጋው እየወረደ አዋሽ ሲደርስ ለወሎ ሰው ልብ የሚነካ ነገር አለ፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ የሚታጠፈው ሐዲድ የሚለየው በዚያ አካባቢ ነው። አብሮን የተቀመጠው ሰው የት አገር እንደሆንን ቢጠይቀን ወልድያ አልነው፤ «ታዲያ በዚያ በኩል አትሄዱምን?» አለን። ምን ብለን እንመልስለት!

ድሬዳዋም ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ከዚያ በመኪና ወደ ከተማው ይገባል፤ ከከተማውም ሌላ መኪና ተይዞ የደንገጎ ጠመዝማዛ አቀበት ይጀመራል። ነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ የጫቱ ማሳ እየበዛ ይሄድና የጀጎል ግንብ ይታያል። አምስቱ ጥንታውያን በሮች፣ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች፣ በግንቡ ውስጥ ያለችው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ባሉበት አሉ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ግንብ ባቡር ያለፈው በመሆኑ ክብሩ አልቀነሰም። ምናልባትም ሳይፈርስ የቈየው ሐዲድ ስላልነካው ይሆናል ብለን እናስባለን።

የኢየሩሳሌምም መንገድ ቢሆን እንዲሁ ነው። ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ከያፋ፣ በመጽሐፍ ኢዮጴ ከተባለችው ወደብ፣ ወደ ቅድስት ከተማ የሚወጣው 87 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መንገድ የተከፈተው በ1885 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ጣቢያው የተሠራው ከጥንታዊው ቅጥር ውጭ ስለ ነበረ፣ ከመርከብ ወርዶ በባቡር የወጣ ተሳላሚ የቀረውን መንገድ በእግሩ ወይም በጋሪ ይፈጽም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ከደረሱ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም የገቡት በባቡር ነበር። ስደተኛው ንጉሥ ከዙፋን ከተማቸው የወጡትም፣ ወደ ቅድስት ከተማ የገቡትም በሐዲድ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስገርመናል።

አንዳንድ አባቶች ባቡር ቢመጣ የተሳላሚው ድካም ይቀርና በረከቱም ይቀንሳል ይላሉ። ነገሩን ከቀላል አንቈጥረውም፤ ለታኅሣሥ 29 በዓል ከሩቅ አገር ስንቁን ተሸክሞ፣ በየመንደሩ እያደረ፣ በእግሩ ላሊበላ የሚገባውን ምእመን እያየን አድገናልና። ነገር ግን ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከአልጋ የተነሣ ሕመምተኛ ድካም የሚጎድላቸው ሰዎች አይደሉም። ከሐራ በኋላ የሚቀረው አቀበትም ለማንም የሚበቃ ነው።

ይልቅስ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል በአብዛኛው ከተሠራ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይልና የገንዘብ ችግር ሥራውን አዘገየው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና ኮምቦልቻን ሲረግጥ ለባቡሩ የተዘጋጀው ንብረትም ከዝርፊያና ከጉዳት አልተረፈም። ይህን እስከጻፍንበት ጊዜ ድረስ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር በዚያ መሥመር ላይ ሥራ አልጀመረም። እርሻው ለባቡሩ ጥርጊያ የተወሰደበት ገበሬ በድልድሉ አጠገብ ሲያርስ ይውላል፤ በዚያን ጊዜ ፊደል ይቈጥር የነበረው ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ሊሆን ምንም አልቀረው። መዘግየቱ በዓመት ይቈጠራል እንጂ የሚጎዳው ሰው ግን ዕድሜ ነው።

የወልድያ ሰዎች ስለ ጣቢያው ርቀት ሲከራከሩ፣ ሐራ እንደ ድሬዳዋ አድጋ ወልድያ ትደኸይ ይሆን የሚል ስጋት ሲያነሡ ሰምተናል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ሐረር ግንቧና ታሪኳ ስለ ነበራት እንግዳ አልተለያትም፤ ወልድያ ግን ሀብቷ በር መሆኗ ነው፤ በር ደግሞ ሰው ካላለፈበት ግድግዳ ነው። ከሐራ ወደ ወልድያ የሚያወጣው መንገድ ጥሩ ካልሆነ፣ ከዚያም ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ መኪና ካልኖረ፣ የባቡሩ መንገደኛ ቆላው ላይ ይቀራል፤ ወይም ከነጭራሹ ባቡሩን ትቶ እንደ ልማዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ሲንገላታ ይመጣል።

እስቲ አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ተሳፍራ፣ ልጇን አዝላ፣ በገና ሰሞን በሌሊት ሐራ ላይ ወረደች እንበል። ብርዱ የቆላ ቢሆንም ሌሊት ሌሊት ነው። የት ታድራለች? እግሯን የሚያጥብላት፣ ዳቦና ጠላ የሚያቀርብላት፣ በነጋም ጊዜ የላሊበላውን መኪና የሚያሳያት ማን ነው? አያቶቻችን በየመንገዱ ዳር ይህን ሲያደርጉ የኖሩት ተሳላሚው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ሳያውቁ ነበር። ባቡር ግን ሰዓቱን አስቀድሞ ይናገራል። በወልድያና በሐራ ያሉ ማኅበሮች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከጽዋው በኋላ ተረኛ ቤት ማን ማን እንደሚሆን ቢነጋገሩ፣ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ኃይልም የውጭ ብድርም የሚጠይቅ አይደለም።