የፓርኪንሰን የአንጎል ቀዶ ሕክምና፦ ከመንቀጥቀጡ ባሻገር ሊጠየቅ የሚገባው

የፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ይከሰታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ዋነኛው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። ከዓመታት በኋላ የመድኃኒቱ ጥቅም ሲዋዥቅ ለአንዳንድ ሕሙማን በአንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ የሚተከልበት ቀዶ ሕክምና አማራጭ ይሆናል።

ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ አገር መጓዝን የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው መንቀጥቀጡ ይቀንስ እንደሆነ ነው። ሕክምናው በሕሙሙ አስተሳሰብ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ መጠየቅም የዚያኑ ያህል ተገቢ ነው።

ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ለውጥ ቃላትን በፍጥነት የማፍለቅ ችሎታ መቀነስ ነው። ለምሳሌ ሕሙሙ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጠራቸው የእንስሳት ስሞች ቁጥር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሊያንስ ይችላል። አንዳንዶች ተነሣሽነት ያጣሉ ወይም ሳያመዛዝኑ ይወስናሉ። በጥንቃቄ በተመረጡ ሕሙማን ላይ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ በአብዛኛው እንደነበረ ይቆያል። የመርሳት ሕመም የጀመራቸው ግን ሊባባስባቸው ስለሚችል ለቀዶ ሕክምናው አይመረጡም።

ጉዳዩ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ነዋሪ ቀላል አይደለም። ሽንኩርትና ማሾ የሚሸጠው ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው፣ የአገር ሽማግሌም የተጣሉትን የሚያስታርቀው በአንደበቱ ነው። እጁ ረግቶ ቃል ቢያጥረው ኑሮውም ሆነ በማኅበረሰቡ ዘንድ ያለው ድርሻ ይነካል።

ክትትሉም ሌላ ሸክም ነው። ከተከላው በኋላ የመሣሪያው የኤሌክትሪክ መጠን በተደጋጋሚ መስተካከል፣ ባትሪውም ጊዜው ሲደርስ መቀየር ይኖርበታል። ከሸዋ ሮቢት በጣርማ በር በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። አንዳንድ የስሜትና የንግግር ለውጦች በማስተካከያው ይቃለላሉ፤ ቃላትን የማፍለቅ ችሎታ መቀነስ ግን በአብዛኛው ከተከላው ጋር የተያያዘ በመሆኑ በማስተካከያ ብቻ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ከውሳኔ በፊት የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት በነርቭ ሐኪም እንዲፈተሽ ይመከራል። የማስታወስና የቃላት ምርመራውም ሕሙሙ አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአርጎብኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተደርጎ ውጤቱ በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። የኋለኛውን ለውጥ በትክክል መመዘን የሚቻለው የቀድሞው ሲታወቅ ነው።