በአንድ ስም ምክንያት በሊትዋንያና በቻይና መካከል የተነሣው ክርክር

በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችው የሊትዋንያ ሪፐብሊክ የሕዝቧ ቍጥር ሦስት ሚሊዮን የማይሞላ ትንሽ አገር ናት። ከታላቋ ቻይና ጋራ የነበራት ግንኙነት የተበላሸው በወሰን ወይም በዕዳ ሳይሆን፥ በአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተጻፈ ስም መሆኑ ነገሩን ለሚመረምር ሁሉ የሚያስደንቅ ነው።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሲመሠርቱ፥ ሊትዋንያ የቻይና ሕጋዊ መንግሥት የቤይጂንጉ ብቻ መሆኑን ተቀብላ ነበር። ታይዋን በብዙ አገሮች ጽሕፈት ቤት አላት፤ ነገር ግን ቻይናን ላለማስቈጣት ሲባል በዋና ከተማዋ በታይፔ ስም ይጠራል እንጂ በደሴቲቱ ስም አይጠራም። ሊትዋንያ ግን በ2021 ዓ.ም. በቪልንዩስ የተከፈተው ጽሕፈት ቤት በታይዋን ስም እንዲጠራ ፈቀደች። አስቀድማ አምባሳደሯን የጠራችው ቻይና ግንኙነቱን ወደ ጉዳይ ፈጻሚ ደረጃ ዝቅ አደረገችው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የሊትዋንያ መልክተኞች ቤይጂንግን ለቀው ወጡ።

ይልቁንም ሊጤን የሚገባው ቅጣቱ የመጣበት መንገድ ነው። ሊትዋንያ ወደ ቻይና በቀጥታ የምትልከው ሸቀጥ ከወጪ ንግዷ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ በዚህ በኩል ብቻ ቢሆን ጕዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በሊትዋንያ የተሠራ ዕቃ ያለበት የሌሎች አገሮች ሸቀጥ እንኳ በቻይና ጕምሩክ እክል ገጠመው። በሊትዋንያ ፋብሪካ የከፈቱ የጀርመን ኩባንያዎችም ለቪልንዩስ መንግሥት ሥጋታቸውን ገለጹ፤ እንዲህም ሆኖ ትንሺቱን አገር አብዝቶ ያስጨነቃት የወዳጆቿ አቤቱታ ሆነ። ቻይና ማዕቀብ አላደረግሁም ብላ ካደች። የኤውሮጳ ኅብረት በ2022 ዓ.ም. ለዓለም የንግድ ድርጅት ያቀረበው ክስም በ2024 ታግዶ ከዓመት በኋላ ያለ ፍርድ ቀረ።

ታይዋን በበኩሏ 200 ሚሊዮን ዶላር ለሥራ፥ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለብድር መደበች፤ ወደ ቻይና ሊሄድ የነበረውን ከ20,000 ጠርሙስ የሚበልጥ ሮም የተባለ መጠጥ እንኳ ገዛች።

ሊትዋንያ ይህን ለምን ደፈረች ቢባል ምክንያቱ ከታሪኳ ይገኛል። በ1940 ዓ.ም. በሶቪየት ጦር ተይዛ ሃምሳ ዓመት በባዕድ እጅ ኖራለች። በ1990 ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ የሞስኮ መንግሥት የነዳጅ ዘይት ዘጋባት፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ሲያመነቱም በ1991 አስቀድማ ያወቀቻት ትንሿ አይስላንድ ነበረች። ይህን ያየ ሕዝብ ለታይዋን ቢያዝን አይነቀፍም። የሚነቀፈው የምክሩ ጕድለት ነው፤ ፕሬዚዳንት ጊታናስ ናውሴዳ በ2022 መጀመሪያ ስሕተቱ ጽሕፈት ቤቱን መክፈት ሳይሆን ስሙ መሆኑን፥ ስለ ስሙም ከእርሳቸው ጋራ ምክር እንዳልተደረገ በግልጽ ተናግረዋልና።

በ2024 መጨረሻ የተሾመው መንግሥት አምባሳደሮች ወደየስፍራቸው እንዲመለሱ እንደሚሻ አስታወቀ። ይሁን እንጂ የተሰጠን ስም መለወጥ ከመስጠቱ ይልቅ የከበደ ነው። ቢለወጥ ታይዋን ታዝናለች፥ ሌሎችም ሊትዋንያ በግፊት ቃሏን ታጥፋለች ይላሉ፤ ባይለወጥ ደግሞ ቤይጂንግ ለዕርቅ የምትጠይቀው ዋና ነገር ሳይፈጸም ይቀራል።